በቤታችን ያላለቀው የፈይሳ ሙግት

እኛ ቤት ስምንት ዓመት የዘለቀ ሙግት አለ። ሙግቱ በአንድ ሯጭ ላይ ነው። ባለቤቴና የመጀመሪያ ልጄ «ፈይሳ ሌሊሳ ያለው ዝና ይገባዋል፣ አይገባውም» እየተባባሉ ስንት ቡና ቀዝቅዟል፣ ስንት ምሳ ሳይበላ ተነስቷል። እኔ አምቦ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ቀን እህል ስመዝን ውዬ ማታ ስገባ ደግሞ ሁለቱ ሰው ሲመዝኑ አገኛቸዋለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሙግት አይጠፋም ብዬ ነው፤ የሚነሳው ስም ቢለያይም።

ፈይሳ ለእኛ የሩቅ ሰው አይደለም። የተወለደው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ ጀልዱ ወረዳ፣ ቱሉ ቡልቱማ በሚባል ቦታ ነው። ጀልዱ ብርድ ያለበት ደጋ ነው፤ ድንቹና ገብሱ የታወቀ ነው። ከጎጆ ከተማ ወገን የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ወረፋ ሲጠብቁ ስሙ ከተነሳ ሁሉም «የእኛ ልጅ» ይሉታል። እንደ ዘመድ ስለሚቆጠር ነው መሰል፣ በእሱ ላይ የሚነሳው ክርክርም እንደ ዘመድ ክርክር ይከርራል።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሩጫ ውጤት የሚመዘግብበት ደብተር አለው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ሲያሸንፍ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ዜናውን ጉደር አጎቱ ቤት በሬዲዮ እንደሰማ ዛሬም ሳይሰለች ይናገራል። የመጀመሪያው ደብተር ሞልቶ ሁለተኛ ገዛ፤ ሁለተኛውም አልቆ አሁን ሦስተኛው ላይ ነው። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ ያንን ደብተር እንዲነኩ አይፈቅድላቸውም ነበር።

የእሱ ክርክር የሒሳብ መምህር ክርክር ነው። «አንድን ሰው ታላቅ ለማለት መለኪያ ያስፈልጋል» ይልና ይጀምራል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ 2:12:11 ሮጦ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣ። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት 2,240 ሜትር ከፍታ፣ ተከታዩን ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። በአርባ ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ሄዶ ነሐስ ጨመረ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን መለሰው። «ፈይሳስ? ኦሊምፒክ ላይ ሁለተኛ፤ ከኪፕቾጌ በ70 ሴኮንድ ወደ ኋላ። ዓለም ሻምፒዮና ላይ ሦስተኛ። ጥሩ ሯጭ ነው፣ አልካድኩም። ዓለም ያወቀው ግን በእጁ ነው። ያን ቀን እጁን ባያጣምር ኖሮ ዛሬ ከጀልዱ ውጭ ማን ያስታውሰዋል?»

ልጄም ዝም አይልም። አባቱን «እርስዎ» እያለ ነው የሚከራከረው፤ አክብሮቱ ሳይጓደል ቃሉ ይመራል። «አባ፣ ደብተርዎን ሙሉውን ያንብቡልን እንጂ» ይላል። ፈይሳ በ2010 ሮተርዳም ላይ ገና በ20 ዓመቱ 2:05:23 ሮጧል። በ2011 ዴጉ ላይ ለኢትዮጵያ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አምጥቷል። በ2012 ቺካጎ ላይ ፀጋዬ ከበደ አንደኛ፣ ፈይሳ ሁለተኛ፣ ጥላሁን ረጋሳ ሦስተኛ ሆነው ሲገቡ የፈይሳ ሰዓት 2:04:52 ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ የቶኪዮ ማራቶንን አሸንፏል። ወደ ሪዮ የሄደው ይህን ሁሉ ይዞ ነው። ከዚያ ልጄ የሚወደውን ቁጥር ያመጣል፤ «የኢትዮጵያ ወንዶች በኦሊምፒክ ማራቶን ብዙ ወርቅና ነሐስ አግኝተዋል። ብር ግን አንድ ብቻ ነው። ያም የፈይሳ ነው» ይላል።

አንድ የፋሲካ በዓል ላይ ሙግቱ ሜክሲኮ ድረስ ሄደ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ማሞን ሲያነሳ ልጄ «በዚያው ኦሊምፒክ፣ በዚያው ስታዲየም፣ ማሞ ከማሸነፉ ከአራት ቀን በፊት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለው። ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የሚባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን በ200 ሜትር አንደኛና ሦስተኛ ወጥተው፣ በሽልማቱ መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ። ከኦሊምፒኩም ተባረሩ። በመሃላቸው ሁለተኛ የወጣው ፒተር ኖርማን የሚባል ነጭ አውስትራሊያዊ ነበር። ከእነሱ ጋር ለመተባበር ደረቱ ላይ ባጅ አድርጎ ቆመ። በ2006 ሲሞት ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ስሚዝና ካርሎስ ነበሩበት። «እሱም ሁለተኛ ነበር፣ አባ» አለ ልጄ።

ባለቤቴ አሰበና «ስሚዝ ግን እጁን ከማንሳቱ በፊት በ19.83 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። መጀመሪያ አሸነፈ፣ ከዚያ አነሳ» ብሎ መለሰ። ልጄም «እሺ፣ ማሞን በእግሩ ብቻ ነው የሚመዝኑት። ከሜክሲኮ በኋላ የደረሰበትን አንድም ቀን ከሒሳቡ አስገብተው አያውቁም። ፈይሳን ለምንድን ነው በእጁ ብቻ የሚመዝኑት?» አለው። ማሞ በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ ግድያ ተጠርጥሮ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ ነበር። እሱ ክሱን ሲክድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥር ላይ ተፈትቶ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። ባለቤቴ ስሙ በክፉ ሲነሳ አይወድም። «ማሞን ተወው» ብሎ ተነስቶ ወጣ። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ሳይነካ ቀረ። እኔም በሁለቱም ተናድጄ ወጡን ወደ ድስቱ መለስኩት።

ብዙ ዓመት ይህ ሁሉ የሩጫ ክርክር ይመስለኝ ነበር። ወንዶች በኳስ እንደሚጣሉት ያለ ነገር ነው ብዬ እተወው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሥር ነበረው። ሥሩንም እኔ አውቀው ነበር፤ ማየት ስላልፈለግሁ ነው እንጂ።

እሁድ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር፣ የፍልሰታ ፆም የመጨረሻው ቀን። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ለክረምት ቤት መጥቷል። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:30 ላይ ተጀመረ። ውጭ ዝናብ ነው። እኔ ለማግሥቱ ፍስክ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ የጎረቤት ልጆች ሳሎን ሞልተው፣ ባለቤቴ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ወደ 11:40 ገደማ ኪፕቾጌ ገባ። ከዚያ ፈይሳ ብቻውን መጣ። መስመሩ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አጣመረ። ሳሎኑ ጭጭ አለ። ያ ምልክት በእኛ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ተቃውሞው ከዚያ በፊት በነበረው ኅዳር የተነሳው ጊንጪ ላይ ነው፤ ከአምቦ ቅርብ ናት። በከተማችን ልጃቸውን የቀበሩ እናቶች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ጤፍ የማስፈጭላቸው ናቸው።

ልጄ ከተቀመጠበት ዘሎ በባዶ እግሩ ወጣ። ተከትዬ ስወጣ መንገዱ መሃል ዝናብ ላይ ቆሞ እጁን አጣምሯል። ሌሎችም ልጆች እየወጡ ነበር። ባለቤቴም ጫማ ሳያደርግ ወጣ። ምንም አልተናገረም። ልጁን ኮሌታውን ይዞ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ እየጎተተ አስገባውና የግቢውን በር ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ልጄ በዚያ ቅጽበት አባቱን «ፈሪ» አለው። ያንን ቃል በቤታችን ማንም ለማንም ብሎት አያውቅም።

በሩ ሦስት ቀን እንደተቆለፈ ቆየ። መስከረም ሲጠባ ልጄ ወደ ትምህርቱ ሄደ፤ አባቱን ደህና ሁኑ ሳይል። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ እጅን ከራስ በላይ ማጣመርም ተከለከለ። ባለቤቴ ዜናውን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ?» አለኝ። ልጄ ግን ዓመት ሙሉ ለእኔ ሲደውል «አባ ደህና ናቸው?» ብሎ ያልፋል እንጂ «ያገናኙኝ» አላለም። ቆይቶ መምጣትም መነጋገርም ጀመረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን የተነጋገሩት ስለ ፈይሳ ነው። አባትየው «ያን ያህል ታላቅ አይደለም» ሲል «በሩን የቆለፍኩት ልክ ነበርኩ» ማለቱ ነው። ልጁ «ታላቅ ነው» ሲል «መውጣቴ ልክ ነበር» ማለቱ ነው። በሰው ልጅ ዝና ላይ የራሳቸውን ጠብ ሲጣሉ ኖሩ።

እኔ በበኩሌ በዚያ ሰሞን ስለ ፈይሳ ሳስብ የማስበው ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ነበር። እሱ ከሪዮ ሳይመለስ አሜሪካ ገባ፤ እነሱ እዚህ ቀሩ። ወደ አገሬ ብመለስ እገደላለሁ ወይም እታሰራለሁ ብሎ ነበር። በየካቲት 2009 ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያ ሲገናኙ የተነሳውን ፎቶ አንድ ደንበኛዬ በስልኩ አሳየኝ። ወፍጮውን አስቁሜ አለቀስኩ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ የተደረገለትን አቀባበል ስናይም ልጄ በደስታ ሲጮህ፣ ባለቤቴ «እንኳን ለቤቱ በቃ» አለ። ያኔ ልጄ ቀና ብሎ አየው። ነገሩ ግን በዚያው አለፈ።

ባለፈው የፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ቅዳሜ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እንደገና ፍልሰታ ነው። ልጄ አሁን ራሱ አባት ሆኗል። አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። አምስት ዓመት የሞላትን ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። ቆሎ ቆልቼ ቡና አፍልቼ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ በሲሳይ ለማ ምትክ የገባ ነው። እሱ 2:06:26 ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። እልል አልን። ባለቤቴ ደብተሩ ላይ ጻፈና «ይኸውላችሁ! ሯጭ ማለት ይህ ነው። ወርቅ!» አለ። ልጄ ፊቱ ተቀየረ። «አሁን ይህ ለማን ነው የተባለው?» ሲል ተጀመረ ብዬ ሲኒ መሰብሰብ ያዝኩ።

የልጅ ልጄ ግን ቀደመችን። አያቷ ጉልበት ላይ ወጥታ «አባባ፣ ሁለተኛ የወጣ ሰው መጥፎ ነው?» አለችው።

ባለቤቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሯል፤ የተማሪ ጥያቄ ሲያቅተው ያየሁት ያን ቀን ነው። «አይደለም፣ ሁለተኛም ጎበዝ ነው» አላት። «ታዲያ ደብተርህ ላይ ትጽፈዋለህ?» አለችው። «እጽፈዋለሁ» አላት። «አሳየኝ» አለች። እሱም ለልጆቹ ያልፈቀደውን ለልጅ ልጁ ፈቀደ፤ ይህን አያቶች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛውን ደብተር ሰጣት። እሷ ማንበብ ስለማትችል ወስዳ ለአባቷ ሰጠችው።

ልጄ ገጹን መግለጥ ጀመረ። ደብተሩ ላይ የሯጮቹ ስምና ሰዓት በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። ፈይሳ የሮጠበት ሁሉ አለ። «ሮተርዳም፣ ፈይሳ ሌሊሳ (ጀልዱ)፣ 4ኛ፣ 2:05:23።» «ዴጉ፣ ፈይሳ ሌሊሳ (ጀልዱ)፣ 3ኛ።» «ቺካጎ፣ ፈይሳ ሌሊሳ (ጀልዱ)፣ 2ኛ።» የትውልድ ቦታ የተጻፈለት ሌላ ሯጭ የለም። ከዚያ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ላይ ደረሰ። «ሪዮ፣ ፈይሳ ሌሊሳ (ጀልዱ)፣ 2ኛ፣ 2:09:54» ይላል። ከሥሩ በዚያው እጅ ጽሕፈት ሦስት ቃል አለ፤ «ልጄ ቤት ነው።» በማግሥቱ ቀን ስር ያው ሦስት ቃል ተጽፏል። በሦስተኛውም ቀን።

ልጄ ደብተሩን ይዞ ዝም አለ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመት የያዝኩትን ነገር ተናገርኩ። «አንተ በንዴት ክፍልህን ዘግተህ ስትተኛ፣ አባትህ ሦስት ሌሊት ጋቢውን ለብሶ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው ያደረው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ሲል በመስኮት አየው ነበር» አልኩት። ባለቤቴ «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ተቆጣኝ።

«አባ» አለ ልጄ ቆይቶ፣ «ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ፈርቼ ነበር። ፈሪ ያልከኝ ልክ ነህ። እንዲህ ስል ደስ እንዲልህ አይደለም፤ ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ? አንተም አሁን አባት ነህ፣ ንገረኝ» አለው።

ልጄ ሴት ልጁን አየ። ወዲያው አልመለሰለትም። «በሩን ቢቆልፉም ግድ የለም» አለ በመጨረሻ፣ «ኮሌታዬን ግን ባይይዙኝ ይሻል ነበር። ሰው ሁሉ እያየ።»

«እሱ ልክ ነህ» አለ ባለቤቴ። «እሱን አጥፍቻለሁ።»

ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም። ይቅርታ ተባባሉ፣ ተቃቀፉ ብዬ ብጽፍላችሁ ውሸት ይሆናል። ልጅቷ ቆሎ ፈሰሰባትና እሱን ስንለቅም ቀኑ አለፈ።

አሁን «አንቺስ ምን ትያለሽ? ዝናው ይገባዋል?» ብትሉኝ የወፍጮ ቤት ሰው መልስ ነው ያለኝ። እኔ ዱቄት ስመዝን የማዳበሪያውን ኪሎ ቀንሼ ነው። ፈይሳን በሯጭነቱ ስንመዝነው እጁን ወደ ጎን እናድርገው። የሚቀረው ማራቶንን ከ2:05 በታች የሮጠ፣ የኦሊምፒክ ብርና የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያለው፣ ቶኪዮን ያሸነፈ ሰው ነው። ያ ከባድ ሚዛን ነው። አበበ ጋ ግን አይደርስም፤ ባለቤቴ እዚህ ላይ ልክ ነው። ልጄም ይህን አሁን ያምናል። እጁ ደግሞ ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። አንድ ሰው በሕይወቱ ትልቁን ቀን፣ ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት እያሉ፣ የሚደርስበትን እያወቀ ያደረገው ነገር ነው። እሱን በሴኮንድ መለካት አይቻልም። እዚህ ላይ ልጄ ልክ ነው፤ ባለቤቴም ሁለተኛ መውጣቱን እያነሳ ያንን ማሳነሱን ትቷል።

ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች ግን አንድ ነገር ልበል። ቤታችሁ ውስጥ በሩቅ ሰው ስም የሚካሄድ፣ ዓመት አልፎት የማይበርድ ክርክር ካለ፣ ክርክሩ የተጀመረበትን ቀን አስታውሱ። ያን ቀን በቤቱ ምን ተደርጎ ነበር? ማን ማንን ምን አለ? እኔ ይህን ለመጠየቅ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ፤ ያውም የአምስት ዓመት ልጅ ቀድማኝ።

ባለፈው ሳምንት ማታ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ልጄ ነው፤ በቀጥታ ለአባቱ ነው የደወለው። ሪዮ ላይ ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ጋለን ራፕ ከፈይሳ በ11 ሴኮንድ ብቻ ነበር የቀረው። አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨመር ይደርስበት ነበር፣ አይደርስበትም ነው ጉዳዩ። ባለቤቴ ደብተሩን ከፍቶ ወረቀት ላይ እያሰላ «አይደርስበትም! ስማኝ እንጂ፣ አይደርስበትም አልኩህ!» እያለ ይጮሃል። ለፈይሳ ሲከራከር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቡናው ቀዘቀዘ። ሁለተኛ አፈላሁለት።